የጎንደር ነጋዴና የጥበብ አሠሪነት

ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. የቆረቆሯት ጎንደር የነገሥታት መቀመጫ ብቻ ሳትሆን፣ ወደ ምጽዋና በመተማ በኩል ወደ ስናር የሚወስዱ የሲራራ ንግድ መንገዶች መገናኛም ነበረች። ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ቡና በዚህ በኩል ሲወጣ፣ ሐርና ልዩ ልዩ ጨርቅ ይገባ ነበር፤ መገበያያውም አሞሌ ጨው፣ ኋላም የማርትሬዛ ብር ነበር። የነጋዴዎች አለቃ ነጋድራስ ይባላል። ከሩቅ ነጋዴዎቹ ብዙዎቹ ሙስሊሞች ሲሆኑ፣ በ1660 ዓ.ም. በቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን ለብቻቸው እንዲሰፍሩ ተወስኖባቸው በቀሃ ወንዝ አካባቢ ያለው አዲስ ዓለም ሰፈራቸው ሆነ።

ሥዕል፣ ብራናና ሕንጻ የሚያሠሩት በዋናነት ነገሥታትና መኳንንት ነበሩ። እቴጌ ምንትዋብ ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን አሠርተዋል፤ በጣና ሐይቅ ላይ ባለችው ናርጋ ሥላሴ ደግሞ በእመቤታችን ሥዕል ግርጌ በግንባራቸው ተደፍተው ይታያሉ። አሠሪን እንዲህ አድርጎ መሣል ሁለተኛው የጎንደር አሣሣል በሚባለው የኋለኛው የጎንደር ዘመን የሥዕል ስልት የተለመደ ነው። እዚህ ላይ የነጋዴው ድርሻ በስም ሳይሆን በዕቃ የሚገኝ ይመስላል፤ በዘመኑ ሥዕሎች ውስጥ ቅዱሳንና አሠሪዎች የለበሷቸው ባለአበባ ጨርቆች ሲራራው ያመጣቸውን ዓይነቶች ያስታውሳሉና። ሙስሊሙ ነጋዴ ቤተ ክርስቲያን ባያሠራም፣ ከምጽዋ ያመጣው ጨርቅ ግን በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ቦታ አግኝቷል ማለት ይቻላል።

አቅም ያለው ክርስቲያን ነጋዴ መጽሐፍ ማጻፍ ይችላል። ቁም ጸሐፊው በጸሎቱ መካከል «ለገብርከ» (በግእዝ «ለአገልጋይህ») ከሚለው ቀጥሎ የአጻፊውን ስም ያስገባል፤ ብራናው በሽያጭ እጅ ሲለውጥ ደግሞ የፊተኛው ስም ተፍቆ የገዢው ይጻፍበታል፤ ዛሬም በእነዚህ ቦታዎች ላይ የሻከረው ቆዳ በጣት ይታወቃል። ጎንደር በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ከተዘረፈችና በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች (የሱዳን መሐዲስቶች) አብያተ ክርስቲያኗን ካቃጠሉ በኋላ የተረፈው ጥቂት ነው።

ከቤተ ክርስቲያን ውጭ የባለጸጋ ልግስና የሚታየው በአዝማሪ ላይ ነው። የአዝማሪዎች መንደር ቡርቧክስ ከጎንደር ብዙም አይርቅም። በሠርግና በጠጅ ቤት ማሲንቆ ይዞ የሚዘፍነው አዝማሪ የነጋዴውን ስምና ሙያ ከታዳሚው በሚቀበለው ግጥም ያነሳል፤ የተወደሰውም የብር ኖት አውጥቶ ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። እጁ የሰሰተ ግን ሰምና ወርቅ ሊጠብቀው ይችላል።