የሕግ ተማሪዎች የክረምት ልምምድ በባሕር ዳር

ሐምሌ ገብቶ ጣና በጎርፍ ሲደፈርስ፣ በባሕር ዳር የፍትሕ መሥሪያ ቤቶች ኮሪደር ላይ ባዶ ማስታወሻ ደብተር የያዙ ወጣቶች ብቅ ይላሉ። የሕግ ተማሪዎች ናቸው። ገሚሶቹ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ልጆች፣ ገሚሶቹ ሌላ ከተማ ተምረው ለክረምት ቤተሰብ ጋ የመጡ።

ልምምዱ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው የሕግ ዲግሪው አካል የሆነው ኤክስተርንሺፕ ነው፤ ውጤት ይያዝበታል። ሁለተኛው ተማሪው በራሱ ፍላጎት ወይም በክረምት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት የሚገባበት ነው። ለሁለቱም መነሻው የትብብር ደብዳቤ ነው። አበል ብዙ ጊዜ የለም፤ የባጃጅና የሽሮ ከኪስ ነው።

የሚመደቡት በከተማ አስተዳደሩ ፍትሕ መምሪያ ወይም እንደ ፋሲሎ፣ ጣናና በላይ ዘለቀ ባሉት ክፍለ ከተሞች ነው። ወንጀል ዐቃቤ ሕግ ጋ የደረሰው የፖሊስ ምርመራ መዝገብ ያነባል። ፍትሐ ብሔር ጋ የደረሰው ደግሞ መንግሥት ከሳሽ ወይም ተከሳሽ የሆነበትን ክርክር ያያል። የጥብቅና ፈቃድ ስለሌለው ችሎት ቆሞ አይከራከርም። ያነባል፣ ያረቅቃል፣ ባለጉዳይ ያዳምጣል። ከነሐሴ ጀምሮ ፍርድ ቤቶች ለእረፍት ስለሚዘጉና ተረኛ ችሎት ብቻ ስለሚቀር፣ ችሎት ማየት የፈለገ በሐምሌ ቢጣደፍ ይሻለዋል።

ዋናው ፈተና ግን ቋንቋው ነው። ተማሪው ሕጉን ለዓመታት የተማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ የክልሉ ቢሮና ፍርድ ቤት ግን የሚሠሩት በአማርኛ ነው። ክፍል ውስጥ «ኢንጀንክሽን» ሲል የኖረው፣ አንድ ድርጊት እንዲቆም የሚሰጥ ትእዛዝ፣ እዚህ «እግድ» ይሆናል። «ፒሪየድ ኦፍ ሊሚቴሽን»፣ ማለትም የክስ ማቅረቢያ የጊዜ ገደብ፣ ደግሞ በሦስት ፊደል «ይርጋ» ተብሎ ያልቃል። «ግራ ቀኙ» ሲባል አቅጣጫ ሳይሆን ተከራካሪዎቹ መሆናቸውን ለመልመድ ሁለት ቀን ይበቃል። ክስ መጻፍ ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያው ረቂቅ በቀይ ተሰርዞ ይመለሳል፤ መጨረሻው ላይ «ክሱ በእውነት የቀረበ መሆኑን በፍ/ብ/ሥ/ሥ/ሕ/ቁ 92 መሠረት አረጋግጣለሁ» የምትለዋ፣ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉን የምትጠቅስ ዓረፍተ ነገር ተረስታለችና። ፍርድ ቤት በር ላይ ተቀምጦ ለባለጉዳይ ክስና ማመልከቻ የሚጽፍ ራፖር ጸሐፊ እሷን በቃሉ ነው የሚያውቃት። እንደ እኔ እምነት፣ አንድ ከሰዓት እሱ አጠገብ መቀመጥ ከአንድ ሳምንት ገለጻ ይበልጣል።

ከተማዋ እየሰፋች ስለሆነ የመሬት ጉዳይ አይጠፋም። ለልማት ይዞታው የተነሳ አርሶ አደር ካሳው አንሷል ብሎ ይመጣል። ስለ መሬት ማስለቀቅና ካሳ የወጣው አዋጅ 1161/2011 መጀመሪያ ወደ ቅሬታ ሰሚ አካል እንጂ በቀጥታ ወደ ፍርድ ቤት አይልከውም። ይህን በትሕትና ማስረዳት የተማሪው ድርሻ ሊሆን ይችላል። ቤት በመንደር ውል የገዛ ሰውም ይመጣል። ሦስት ምስክር ፈርሞለታል፣ ገንዘቡንም ከፍሏል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 ግን የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን ባለው ሰው ፊት ይደረግ ይላል። ለፈተና የተሸመደደው ቁጥር እዚህ የሰው ፊት አለው። «ልጄ፣ ታዲያ ቤቴ የኔ አይደለም?» ሲባል ተማሪው አንገቱን ወደ ባለሙያው ያዞራል። መልሱ እንደ ክርክሩና የሕግ ስሕተትን በሚያርመው የሰበር ችሎት ውሳኔዎች ስለሚወሰን፣ አፍ አለመክፈቱ ደግ አደረገ።

ባለሙያው ጊዜ ካጣ ተማሪው ቀኑን ሙሉ ፋይል ሲደረድር ይውላል። ያም ቢሆን መዝገብ የሚገላብጥ ዓይን ያለው አይከስርም። ከ2015 ማብቂያ ወዲህ በክልሉ ባለው የጸጥታ ችግር የትምህርት ካላንደሩ ስለተዛባ፣ ልምምዱ በክረምት የማይውልበት ጊዜም አለ።

በመጨረሻ ተማሪው ሪፖርት ይጽፋል፣ ኃላፊው የግምገማ ቅጹን ይሞላል፣ ደብዳቤው ይታተማል። ማኅተም ያዡ ስብሰባ ከወጣ ግን ነገ ተመለስ ነው።