ታሊየም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ታሊየም መርዛማ ብረት ነው፤ ስሙም ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከወንጀል ዜና ጋር ነው። ስለ ብረቱ ራሱ የሚወራው ግን ብዙ ስህተት አለበት።

«ከባድ ስለሆነ ጠንካራ ነው»
ከባድነቱስ እውነት ነው። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትሩ 11.85 ግራም ይመዝናል፤ ከእርሳስ ይበልጣል። ግን በቢላ ይቆረጣል፤ በ304 ዲግሪ ሴልሺየስም ይቀልጣል። አዲስ ሲቆረጥ እንደ ብር ያበራል፤ አየር ሲነካው ይጠቁራል። ስለዚህ ዘይት ውስጥ ይቀመጣል።

«በጣም ብርቅ ነው»
በምድር ቅርፊት ውስጥ ከብር ይበዛል። ችግሩ ተበታትኖ መገኘቱ ነው። የሚገኘውም በአብዛኛው ዚንክና እርሳስ ሲጣሩ እግረ መንገዱን ነው።

«የአሉሚኒየም ዘመድ ስለሆነ ጠባያቸው አንድ ነው»
ንጥረ ነገሮች በተደረደሩበት ፔሪዮዲክ ሰንጠረዥ አንድ ምድብ ውስጥ መሆናቸው እውነት ነው። ነገር ግን አሉሚኒየም ሦስት ኤሌክትሮን ሲሰጥ፣ ታሊየም አንድ ብቻ መስጠት ይቀናዋል። ያኔ በመጠንም በኤሌክትሪክ ቻርጅም ፖታሲየምን ይመስላል። ለእኔ ዋናው ቁም ነገር ይሄ ነው። ፖታሲየም ለነርቭና ለልብ የግድ ስለሚያስፈልግ ሴሎቻችን በራቸውን ይከፍቱለታል። ታሊየምም በዚያው በር ገብቶ ሥራቸውን ያበላሻል።

«የሚገድለው በጨረር ነው»
አይደለም። በተፈጥሮ የሚገኙት የታሊየም ዓይነቶች (አይሶቶፖች)፣ ታሊየም-203 እና 205፣ ጨረር አያመነጩም። የሚያመነጨው ታሊየም-201 ሰው ሠራሽ ነው፤ በ73 ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ሐኪሞች እጅግ ጥቂቱን በደም ሥር ሰጥተው የልብ ጡንቻ ደም በደንብ ማግኘቱን ያዩበታል። የልብ ሴሎች ፖታሲየም መስሏቸው ነው የሚወስዱት።

«መርዙ በጣዕሙ ይታወቃል»
ከታሊየም የሚሠራው ውህድ፣ ታሊየም ሰልፌት፣ ቀለምም፣ ሽታም፣ ጣዕምም የለውም። በአሜሪካ ለአይጥ መርዝነት እንዳይውል በ1972 የታገደው በአደገኛነቱ ነው። መጀመሪያ የሚታየው የሆድ ሕመምና ትውከት ከሌላ በሽታ ጋር ያምታታል። ቆይቶ እግር ያቃጥላል፣ ይደነዝዛል። ፀጉር የሚረግፈው ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ ስለሆነ «ፀጉሩ አልረገፈም» ብሎ መዘናጋት አደገኛ ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የልጆችን ቆረቆር ለማከም ሆን ተብሎ ይሰጥ ነበር፤ ፀጉሩን እንዲያረግፍ። በዚህ ምክንያት የሞቱ ልጆች አሉ።

«ማርከሻ የለውም»
አለው። ፕረሺያን ብሉ የተባለው ሰማያዊ የሥዕል ቀለም ለመድኃኒትነት ተዘጋጅቶ ይዋጣል። አንጀት ውስጥ የራሱን ፖታሲየም ለቅቆ ታሊየሙን ይይዛል፤ ከዚያ ከሰገራ ጋር ይወጣል። ቶሎ ሲሰጥ ደግሞ የበለጠ ይረዳል።