የወንዝና የሐይቅ ዓሦች በቪዲዮ ጨዋታዎች፦ ዝርያቸውና አያያዛቸው

ዓሣ ማጥመድ በቪዲዮ ጨዋታዎች ውስጥ ሁለት መልክ አለው። በአንዳንዶቹ ጨዋታው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስለ ማጥመድ ብቻ ነው፤ በሌሎቹ ደግሞ እርሻ ሲያርስ ወይም በፈረስ አገር ሲያቋርጥ የዋለ ተጫዋች ውኃ ዳር ቆሞ መንጠቆ የሚጥልበት የዕረፍት ጊዜ ነው። በሁለቱም የወንዝና የሐይቅ ዓሦች ሰፊ ድርሻ አላቸው። ሐይቅ ዳርቻ፣ ወንዝም መነሻና መድረሻ ስላለው ተጫዋቹ ዞሮ ሊያጠናው ይችላል። ዓሦቹም ከድንጋይ፣ ከውኃ ሣር፣ ከወደቀ ግንድና ከወንዝ መታጠፊያ ጋር ኑሯቸው የተቆራኘ በመሆኑ ፍለጋው ራሱ ማሰብን ይጠይቃል።

ለዚህ ዓይነት ጨዋታ አዲስ የሆነ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ዘንጉ ጥራት ነው። መቅደም ያለበት ግን ዓሣው ነው። የጨዋታ ሠሪዎች የትኛው ዝርያ የት፣ በየትኛው ወቅትና በየትኛው ሰዓት እንደሚገኝ ሲወስኑ አብዛኛውን የሚቀዱት ከዓሣው እውነተኛ ኑሮ ነው። አምባዛ በምን ዓይነት ውኃ እንደሚነቃ፣ ፓይክ እንዴት አድብቶ እንደሚያድን የሚያውቅ ሰው መመሪያ ሳይከፍት ብዙውን መንገድ ጨርሷል። የሚቀረው ጨዋታው ከተፈጥሮ የተለየበትን ቦታ መለየት ነው።

ጨዋታው እንዴት ተጀመረ

አክቲቪዥን የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1980 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንዲሁ ናቸው) አታሪ 2600 ለተባለው የቤት መጫወቻ ያወጣው፣ ዴቪድ ክሬን የሠራው «ፊሺንግ ደርቢ» ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። ሁለት አጥማጆች ፊት ለፊት ተቀምጠው ክራቸውን ወደ ውኃው ያወርዳሉ፤ ወደ ታች በተጠለቀ መጠን የዓሣው ክብደት ይጨምራል፤ ከላይ የሚመላለሰው ሻርክ ደግሞ የተያዘውን ይነጥቃል። ቀድሞ 99 ፓውንድ የሞላ ያሸንፋል። ዝርያ የሚባል ነገር ገና የለም፤ ጥልቀት ከዋጋ ጋር የተያያዘበት ሐሳብ ግን እስከ ዛሬ ዘልቋል።

ዝርያ የጨዋታው እምብርት የሆነው በጃፓን ነው፤ ዓሣውም ብላክ ባስ ነበር። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ብላክ ባስ ከሚባሉት አንዱ የሆነው ባለ ትልቅ አፉ ባስ የሰሜን አሜሪካ ተወላጅ ሲሆን በ1925 ወደ ጃፓኑ አሺ ሐይቅ ተወስዶ ተለቀቀ። ከዚያ በኋላ ወደ ሌሎች ሐይቆች ተዛመተ፤ የመዝናኛ አጥማጆችም ወደዱት። በ1980ዎቹ የጃፓን የጨዋታ ሠሪዎች ስለ ማጥመድ ሲያስቡ መጀመሪያ ትዝ የሚላቸው እርሱ መሆኑ አያስደንቅም። በ1987 ፋሚኮም ለተባለው የቤት መጫወቻ የወጣው «ዘ ብላክ ባስ» የዚህ ውጤት ነው። በ1997 ሴጋ በመጫወቻ አዳራሾች ያቆመው የባስ ማጥመጃ ማሽን ደግሞ እውነተኛ የሚመስል ዘንግና ክር መጠቅለያ ነበረው፤ በ1999 ድሪምካስት በተባለው የሴጋ የቤት መጫወቻ ላይ ሲመጣም የዘንግ ቅርጽ ያለው መቆጣጠሪያ ተሠርቶለታል። የሚያሳዝነው፣ በስክሪን ላይ የተወደደው ይኸው ዓሣ በጃፓን ሐይቆች ውስጥ የአገሬውን ትንንሽ ዓሦች እየበላ ስላስቸገረ ከ2005 ጀምሮ በሕይወት ማጓጓዝና ወደ ሌላ ውኃ መልቀቅ በሕግ ተከልክሏል።

ባስ፦ አድፋጩ

ባስ በጥሩ ጨዋታ ውስጥ እንደ ተማሪ ቤት ነው፤ በእርሱ ላይ የተማሩት ለሌሎች ብዙ ዓሦች ይሠራል። ክፍት ውኃ ውስጥ ሲዞር አይውልም። በሣር ጥግ፣ በወደቀ ዛፍ ሥር ወይም በጀልባ ማሰሪያ ጥላ ውስጥ ተደብቆ የሚያልፍ ነገር ይጠብቃል። የተራበ ባይሆን እንኳ በአጠገቡ የተወረወረ ነገር በድንገት ከተንቀሳቀሰ ሊጎርሰው ይነሳል። ስለዚህ ለባስ የመንጠቆ ምግብ ጥሎ ከመጠበቅ ይልቅ ትንሽ ዓሣ ወይም ነፍሳት የሚመስል ሰው ሠራሽ ማታለያ ይመረጣል፤ ማታለያውንም በአንድ ፍጥነት መጎተት ሳይሆን ጎተት አድርጎ ማቆም፣ ደግሞ ጎተት ማድረግ ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ የሚነክሰው ልክ በቆመበት ቅጽበት ነው። ጥሩ የማስመሰያ ጨዋታዎች፣ ማለትም እውነተኛውን ማጥመድ ለመምሰል የሚሞክሩት፣ ይህን በትክክል አስገብተውታል፤ ዝም ብሎ ክር የሚጠቀልል ተጫዋች ባዶ እጁን ይመለሳል።

ከተያዘ በኋላ ባስ ከውኃው በላይ ይዘላል፤ ራሱንም እያወዛወዘ መንጠቆውን ለመትፋት ይታገላል። በዚያን ጊዜ የዘንጉን ጫፍ ወደ ውኃው ዝቅ ማድረግ ይገባል። የዓለም ክብረ ወሰን የሆነው ባስ በ1932 በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት የተያዘ ሲሆን 10 ኪሎ ግራም ጥቂት ያለፈ ነበር። በ2009 በጃፓኑ ቢዋ ሐይቅ ማናቡ ኩሪታ የያዘው ከዚያ በጣም በጥቂቱ ስለበለጠ ክብረ ወሰኑ ለሁለቱ እኩል ተመዘገበ። በጨዋታ ውስጥ ከዚህ የገዘፈ ባስ የሚገጥመው ሰው ሠሪዎቹ ለጋስ እንደሆኑለት ይወቅ።

ካርፕና አምባዛ፦ የወለሉ ነዋሪዎች

ካርፕ በጨዋታዎች ውስጥ ክብሩን ካጡ ዓሦች አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ። በ2016 በወጣው የእርሻ ጨዋታ «ስታርዱ ቫሊ» ከሁሉም ቀላል ከሚባሉት ተርታ ተመድቦ፣ በርካሽ የሚሸጥ የጀማሪ ዓሣ ሆኗል። እውነተኛው ካርፕ ግን ጠርጣራና ብርቱ ነው። በመንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ ጥርሶቹ ከጉሮሮው ውስጥ ናቸው። የወለሉን ጭቃ በአፉ እየሳበ የሚበላውን ያስቀራል፣ ሌላውን ይተፋል። መንጠቆ እንደነካው ካወቀም እንዲሁ ይተፋል። ስለዚህ የማስመሰያ ጨዋታዎች በካርፕ ላይ ትዕግሥትን ይጠይቃሉ፦ በቆሎ ወይም የዳቦ ሊጥ ወለሉ ላይ ማሳረፍ፣ ቀድሞ በአካባቢው ምግብ በትኖ ዓሦቹን መሰብሰብ፣ ተንሳፋፊው በተነቃነቀ ቁጥር ሳይሆን ክሩ ተወጥሮ መሄድ ሲጀምር መሳብ።

አምባዛም የወለል ዓሣ ነው፤ አደኑ ግን በዓይን አይደለም። በጢሞቹና በመላ ቆዳው ላይ ጣዕም የሚለዩ ሕዋሳት ስላሉት በደፈረሰና በጨለመ ውኃ ውስጥ ምግቡን ያገኛል። ዝናብ ሲዘንብ ወንዝ ይሞላል፣ ይደፈርሳል፣ ከዳር ትልና ነፍሳት ጠርጎ ያመጣል፤ ያን ጊዜ አምባዛ ይነቃል። «ስታርዱ ቫሊ» ውስጥ አምባዛ ከወንዝ የሚወጣው ዝናብ በሚጥልበት ቀን መሆኑ ከዚህ የመጣ ይመስላል፤ እዚያ ትግሉ ከባድ ነው፣ ጀማሪም ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል። በሌሎች ጨዋታዎች ደግሞ ሌሊት፣ ሽታ ያለው ምግብና ጥልቅ ጉድጓድ የተለመዱት ሦስት ቁልፎች ናቸው። አውሮፓዊው ትልቁ አምባዛ ከሁለት ሜትር ተኩል በላይ ሊረዝም ስለሚችል በቀጭን ክር መሞከር ከንቱ ድካም ነው።

ፓይክ፣ ትራውትና ሳልሞን

ፓይክ ረጅም አፍና ስለት ጥርስ ያለው የቀዝቃዛ ውኃ አዳኝ ነው። ተራ ክር ይቆርጣል፤ በማስመሰያ ጨዋታ ከመንጠቆው በላይ አጭር የብረት ሽቦ ያላሰረ ሰው ማታለያውንም ዓሣውንም ያጣል። ብርድ ስለማይበግረው ውኃው በሚቀዘቅዝበት ወቅት ሌሎች ሲጠፉ እርሱ ይገኛል።

ትራውት የሚፈልገው ቀዝቃዛ፣ ኦክስጅን የበዛበትና የሚፈስ ውኃ ነው፤ ቀዝቃዛ ውኃ ከሞቃት የበለጠ ኦክስጅን ይይዛልና። ፊቱን ወደ ወንዙ ምንጭ አዙሮ ቆሞ ውኃው የሚያመጣለትን ነፍሳት ይለቅማል። ከዚህ የሚወጣው ዘዴ ቀላል ነው፦ ከትልቅ ድንጋይ በላይ ባለው በኩል መወርወርና ማታለያውን ከውኃው ጋር ወደ ታች እንዲወርድ መተው። በ2020 የወጣው፣ ተጫዋቹ በራሱ ደሴት ላይ የሚኖርበት «አኒማል ክሮሲንግ፦ ኒው ሆራይዘንስ» ወርቃማውን ትራውት በገደል አናት ላይ በሚፈሰው የወንዝ ክፍል ብቻ ማስቀመጡ ለዚህ ተፈጥሮ የተሰጠ ውብ አክብሮት ነው። ታች ሜዳ ላይ ቀኑን ሙሉ ቢቆዩ አይገኝም። «ስታርዱ ቫሊ» ግን ቀስተ ደመናማውን ትራውት በሞቃታማው ወቅት ፀሐይ በወጣበት ቀን ያወጣዋል፤ ከተፈጥሮ ጋር አይስማማም፣ ተጫዋቹ እንዲሁ ማስታወስ አለበት።

ሳልሞን በወንዝ ተወልዶ በባሕር ያድጋል፣ ለመራባትም ወደ ወንዙ ይመለሳል። በ«አኒማል ክሮሲንግ» ለሰሜኑ ንፍቀ ክበብ በሴፕቴምበር ወር ብቻ፣ ያውም በወንዙ አፍ ላይ የሚገኘው ለዚህ ነው። በዚህ ጨዋታ ወራቱ በሁለቱ ንፍቀ ክበቦች ተገላቢጦሽ ስለሆኑ የደቡቡን የመረጠ ተጫዋች ሳልሞንን የሚያገኘው በማርች ነው። ብዙዎች ዓሣው የለም ብለው ተስፋ የሚቆርጡት ደሴታቸው በየትኛው ንፍቀ ክበብ እንዳለች ሳያዩ ነው።

ግዙፎቹ

ስተርጅን በአፉ ዙሪያ ጢም፣ በጎኑ ደግሞ እንደ ጥሩር የተደረደረ የአጥንት ሰሌዳ ያለው ጥንታዊ የዓሣ ወገን ነው። እንቁላሉ ካቪያር ተብሎ በውድ ይሸጣል፤ በዚህም ምክንያት ያለ ልክ ተጠምዶ ዛሬ በምድር ላይ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት እንስሳት መካከል ሆኗል። ብዙዎቹ ዝርያዎች በባሕርና በወንዝ መካከል ስለሚመላለሱ «አኒማል ክሮሲንግ» በወንዝ አፍ ላይ ማድረጉ ትክክል ነው። በ«ስታርዱ ቫሊ» በተራራው ሐይቅ በሞቃታማውና በብርዳማው ወቅት ይያዛል፤ በኩሬ አርብቶ እንቁላሉን ወደ ካቪያር መለወጥም ይቻላል።

የአማዞኑ አራፓይማ አየር የሚተነፍስ ዓሣ ነው። በየጥቂት ደቂቃው ወደ ውኃው ገጽ ብቅ ማለት አለበት፤ የአማዞን አጥማጆች በጦር የሚወጉት ይህን ጠብቀው ነው። በጨዋታዎች ውስጥ ይህ ባሕርይ እምብዛም አለመግባቱ ያስቆጫል፤ ብዙ ጊዜ እንደ ማንኛውም ትልቅ ዓሣ በወራትና በሰዓት ብቻ ተወስኖ ይቀርባል።

ከመንከስ እስከ መያዝ

ዓሣው የት እንዳለ ከታወቀ በኋላ ያለው ትግል ከጨዋታ ጨዋታ እጅግ ይለያያል። በ«አኒማል ክሮሲንግ» በውኃው ውስጥ የሚታየው የዓሣው ጥላ መጠኑን ይናገራል፤ ተንሳፋፊው በዓሣው አፍንጫ ፊት መውደቅ አለበት። ዓሣው እስከ አራት ጊዜ ብቻ ይነካካል፣ አምስተኛው ሁልጊዜ እውነተኛ ንክሻ ነው። ዓይንን ከመጠቀም ጆሮን መጠቀም ይሻላል፦ የተንሳፋፊው መስጠም ከመነካካቱ የጎላ ድምፅ አለው።

«ስታርዱ ቫሊ» ውስጥ በስክሪኑ ላይ የሚታየውን አረንጓዴ አሞሌ (ቀጥ ያለ ዘንግ መሰል ምልክት) ከዓሣው ምልክት ጋር አብሮ እንዲወጣና እንዲወርድ ማድረግ ያስፈልጋል። ዝርያዎቹ አንድ ዓይነት አይዋኙም፤ አንዱ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ ሌላው ወደ ታች ይሰምጣል፣ ሌላው በድንገት ይፈናጠራል። ቁልፉን አጥብቆ ከመያዝ በአጭር በአጭሩ መንካት አሞሌውን ያረጋጋዋል። የማጥመድ ደረጃ ሲያድግ አሞሌው ይረዝማል፤ የቀርከሃው ዘንግ ምግብ አይቀበልም፣ ከእርሱ የተሻለው የፋይበርግላስ ዘንግ ይቀበላል፤ ምግብ ከተጨመረም ንክሻው ይፈጥናል። ውኃው ላይ አረፋ ከታየ ሌላውን ሥራ ሁሉ ትቶ እዚያ መወርወር ነው።

በ2018 የወጣው፣ በፈረስ አገር የሚቋረጥበት «ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2» 15 ተራ ዝርያዎችና ከእነርሱ የላቁ 13 ስመ ጥር ዓሦች አሉት። ማታለያዎቹ ለሐይቅ፣ ለወንዝና ለረግረግ ተለይተው ተሠርተዋል፤ ዳቦ፣ በቆሎና አይብ ለትንንሾቹ በቂ ናቸው። እዚህ ዋናው ሕግ ዓሣው ሲታገል ክር አለመጠቅለል ነው። ሲደክም መጠቅለል፣ ሲሮጥ ዘንጉን ሊሄድበት ከፈለገው አቅጣጫ በተቃራኒ ማዘንበል።

በጥብቅ የማስመሰያ ጨዋታዎች ደግሞ የክሩ ጥንካሬና የክር መጠቅለያው መልቀቂያ መስተካከል አለባቸው። መልቀቂያው ዓሣው ከተወሰነ ኃይል በላይ ሲጎትት ክሩ እንዲለቀቅለት የሚያደርግ ክፍል ነው። እውነተኛ አጥማጆች ብዙውን ጊዜ ከክሩ ጥንካሬ አንድ አራተኛ እስከ አንድ ሦስተኛ ላይ ያደርጉታል፤ ይህ ልማድ በጨዋታም ጥሩ መነሻ ነው። እጅግ የጠበቀ መልቀቂያ ክር ይበጥሳል፤ እጅግ የላላ ደግሞ ዓሣው ሣር ውስጥ ገብቶ እንዲጠላለፍ ጊዜ ይሰጠዋል።

ከእነዚህ ጨዋታዎች መካከል «ፊሺንግ ፕላኔት» የማጥመጃ ፈቃድን ሳይቀር አስገብቷል። መሠረታዊውን ፈቃድ ብቻ የያዘ ተጫዋች በብዙ ውኃዎች ላይ ሌሊት ማጥመድ አይችልም፤ አንዳንድ ዝርያዎችንም ከያዘ በኋላ መልቀቅ ግዴታው ነው። የተከለከለውን ዓሣ ያስቀረ ሰው ከቀኑ ገቢው ላይ ቅጣት ይቆረጥበታል።