ባቡሩ ስለቀረ መሬቱ የጎረቤት አይሆንም

ሜሪላንድ ውስጥ ቤት ሲሸጥ ሰነድ ማጣራት ነው ሥራዬ። ከድሮ ሐዲድ አጠገብ ቤት የሚገዛ ሐበሻ ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ ነገር ይዞ ይመጣል፦ «ባቡሩ ከቀረ ስንት ዘመኑ፣ መሬቱ የኛ ነው አሉኝ።» ይህን መስማት ሰልችቶኛል። ሰዉ በዚህ ወሬ ገንዘቡን ያጣል። (ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጆች ናቸው።)

«ባቡር ካቆመ መሬቱ ወዲያው ወደ ጎረቤት ይመለሳል»

መጀመሪያ የባቡር ኩባንያው ድሮ የገዛው ምን እንደሆነ ይታይ። መሬቱን ራሱን ከገዛ፣ ባቡር ኖረም አልኖረም ንብረቱ ነው። ለፈለገው ይሸጠዋል። የገዛው የማለፍ መብት፣ ማለትም ኢዝመንት ብቻ ከሆነ ግን መሬቱ የሌላ ሰው ነው፤ መብቱ ሲያበቃ ነፃ ይወጣል። የትኛው እንደሆነ የሚናገረው የያኔው ዲድ (መሬቱ ወይም መብቱ የተላለፈበት ሰነድ) ነው፤ ጎረቤት አይደለም።

ቀጥሎ፣ መስመሩ በሕግ ተትቷል ወይ? ሐዲዱ ላይ ሣር ስለበቀለ ተተወ አይባልም። የፌደራሉ የየብስ ትራንስፖርት ቦርድ መፍቀድ አለበት። ኮንግረስ በ1983 ባወጣው ሕግ ደግሞ፣ መስመሩ በቦርዱ በኩል ለእግርና ለብስክሌት መንገድ ከተላለፈ እንደተተወ አይቆጠርም። ባቡር አንድ ቀን ሊመለስበት ይችላል ተብሎ ይጠበቃል።

ማስረጃው እዚሁ ደጃችን ነው። ከጆርጅታውን በቤተስዳ በኩል ሲልቨር ስፕሪንግ በሚደርሰው መስመር ላይ ባቡር መሄድ ያቆመው በ1985 ነው። የሜሪላንዱን ክፍል ሞንትጎመሪ ካውንቲ በ1988 ገዛውና የካፒታል ክሬሰንት ትሬል የተባለው የእግርና የብስክሌት መንገድ አካል ሆነ። በ1911 ለባቡሩ መተላለፊያ የሰጠው የመሬት ኩባንያ «ካሳ ይገባኛል» ብሎ የፌደራል መንግሥቱን ከሰሰ። ዲዱ የሚለው 100 ጫማ ስፋት ያለው፣ ነፃና ዘላለማዊ የማለፍ መብት ነው። የሜሪላንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1999 «አዎ፣ የተሰጠው የማለፍ መብት ብቻ ነው» አለ። ግን ዲዱ «ለባቡር ብቻ» አላለም። በእግርና በብስክሌት ማለፍም በመብቱ ውስጥ ይካተታል፣ መብቱም አልተተወም ተባለ። ከሳሹ ባዶ እጁን ቀረ። በ2017 ደግሞ የቤተስዳና የሲልቨር ስፕሪንግ መንገድ ለፐርፕል ላይን ባቡር ግንባታ ተዘጋ። ባቡር ይመለሳል የተባለው እውነት መሆን ጀመረ።

አንድ ደንበኛዬ ሰርቬዩ (የመሬቱ ልኬት ካርታ) ላይ ወሰኑ በግልጽ ተሰምሮ እያየ፣ ከወሰኑ ወዲያ ጎመን ዘርቶ፣ የዕቃ ቤት ሠርቶበት ነበር። በመጨረሻ በራሱ ወጪ አፈረሰው። እባካችሁ፣ አጥር ከማቆማችሁ በፊት ዲዱን አስወጡ።

«የሐዲድ መሬት የመንግሥት ነው»

አገር ቤት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ እንደዚያ ማሰብ ለምደናል። እዚህ ብዙው ሐዲድ የግል ኩባንያዎች ነበር።

«ሃያ ዓመት አጥሬ ስለያዝኩት የኔ ነው»

ካውንቲው ለሕዝብ በያዘው መሬት ላይ ይህ አይሠራም።

«ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2014 ለባለመሬቱ ፈርዷል»

ፈርዷል፤ 8 ለ 1። ጉዳዩ ግን የዋዮሚንግ ነው። የሚመለከተውም መንግሥት በ1875 ሕግ በራሱ መሬት ላይ ለባቡር የሰጠውን መተላለፊያ ነው። የሜሪላንድን መስመር አይነካም።

«ከከሰስን መንገዱ ይቆማል»

አይቆምም። ክሱ የካሳ ጥያቄ ነው፣ ተከሳሹም የፌደራል መንግሥቱ ነው። በርሊንግተን፣ ቨርሞንት የሚኖሩ ባልና ሚስት እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደው ነበር። በ1990 ፍርድ ቤቱ የ1983ቱን ሕግ አጸናው፤ ካሳ መጠየቅ ትችላላችሁ አላቸው። በ1996 የይግባኝ ፍርድ ቤት ካሳ እንደሚገባቸው ወሰነ። እነሱ አገኙ፣ የሜሪላንዱ ኩባንያ አላገኘም። ልዩነቱን ያመጣው ዲዱና የየግዛቱ ሕግ ነው።

«ካሳ እናስገኝላችሁ ብሎ ከጠበቃ የመጣው ደብዳቤ ማጭበርበሪያ ነው»

ሁሌም አይደለም፤ ሳታነቡ አትጣሉት። ባለመሬቱ ካሸነፈ ተመጣጣኝ የጠበቃ ወጪ መንግሥት ስለሚከፍል፣ ጠበቆች ራሳቸው ባለመሬቶችን ይፈልጋሉ። ለመክሰስ ያለው ጊዜ 6 ዓመት ነው። የሚቆጠረውም ቦርዱ መስመሩ ለመንገድ እንዲውል የመጀመሪያውን ማስታወቂያ ካወጣበት ቀን ነው፤ አስፋልት እስኪነጠፍ የጠበቀ ሰው ያልፍበታል። ደብዳቤው ከመጣ ዲዱንና ሰርቬዩን ይዛችሁ ሌላ ጠበቃም አማክሩ። ቤቱን ከማስታወቂያው በኋላ የገዛችሁ ከሆነ ግን ካሳው የዚያን ቀን ባለቤት ለነበረው ሰው ነው።