የቀለበቱ ዘብ፦ ተከላካይ ሴንተር እና የዲኬምቤ ሙቶምቦ 18 የውድድር ዘመናት

ተከላካይ ሴንተር በቅርጫት ኳስ ቡድን ውስጥ ከቀለበቱ ሥር ቆሞ ዘልቆ የሚገባውን አጥቂ የሚመልስ፣ የተሳተውን ኳስ ከአየር ላይ የሚለቅም፣ ነጥብ ማስቆጠሩን ግን በአብዛኛው ለጓደኞቹ የሚተው ረጅም ተጫዋች ነው። ከአምስቱ ተሰላፊዎች ስሙ በዜና ብዙም የማይነሳው እሱ ነው። ነጥብ ያስቆጠረ ይጨበጨብለታል፤ ነጥብ ያስቀረ ደግሞ ብዙ ጊዜ «ዛሬ ምን ሠራ?» ይባላል። በዚህ ሙያ ስማቸው ከገነነ አፍሪካውያን አንዱ ኮንጓዊው ዲኬምቤ ሙቶምቦ ሲሆን፣ ሙያውን ለማስረዳት ከእሱ ሕይወት የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ስለሆነ ግን ነገሬ አልፎ አልፎ ወደ ሰሜን ሸዋ ማዘንበሉ አይቀርም። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እዚህ አዘውትሬ የምሄድበት ሜዳ የሲሚንቶ ወለል ያለው ነው። ከሁለቱ ቀለበቶች በአንደኛው ላይ መረብ የለም። ጠዋት ውርጩ ሳይለቅ ሲጫወቱ ኳሱ ደንዝዞ ይነጥራል፤ ብርዱ በውስጡ ያለውን አየር ስለሚያኮማትረው ነው። አንድ ቅዳሜ እዚያ የተሰለፈ አንድ ቀጭን ልጅ ትኩረቴን ሳበው። በመጀመሪያው ሩብ አንድም ነጥብ አላስቆጠረም፤ አንድም ኳስ በእጁ አልመታም። ጉልበቱን አጠፍ፣ ሁለት እጆቹን ከትከሻው በላይ ከፍ አድርጎ ቆሟል፤ ዓይኑ የሚያየው ኳሱን ሳይሆን የአጥቂውን ወገብ ነው። አራት ጊዜ ቆጥሬአለሁ፤ አጥቂው ኳሱን እያነጠረ ይመጣል፣ ቀና ብሎ ያየዋል፣ እግሩ ይንተባተባል፣ ከዚያ ኳሱን ወደ ውጭ መልሶ ያቀብላል። ከሜዳው ዳር የተቀመጠችው ተማሪ በደብተሯ ላይ ያሰመረችው ዓምድ ሦስት ነው፦ ቁጥር፣ ፋውል፣ ነጥብ። በልጁ ረድፍ ላይ የጻፈችው አንድ ፋውል ብቻ ነበር።

ይህች ደብተር ከታላቁ የአሜሪካ ሊግ የቀድሞ መዝገብ ብዙም አትለይም። ኤንቢኤ የተመለሱ ሙከራዎችን፣ ማለትም ብሎክን፣ በይፋ መቁጠር የጀመረው በ1973–74 የውድድር ዘመን ነው። ከቦስተን ሴልቲክስ ጋር በ13 ዓመት ውስጥ 11 ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው ቢል ራስል በ1969 ጨዋታ ያቆመ በመሆኑ፣ በታሪክ ከሁሉ የላቀ ተከላካይ ነው ብለው ብዙዎች የሚመሰክሩለት ሰው በይፋ የተመዘገበለት አንድ ብሎክ እንኳ የለም። የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ሽልማት ደግሞ የተጀመረው ከዚያም ዘግይቶ በ1982–83 ነው።

ብሎክ መቁጠሩ ራሱ ግማሽ እውነት ነው። የተቆጠረው የተመታው ኳስ ነው፤ ሳይሞከር የቀረው በየትኛውም ዓምድ አይገባም። ለመንዝ ሰው ይህን ማስረዳት አያስቸግርም። የጓሳ ምድር ለ400 ዓመታት ገደማ በአካባቢው ሰው የራሱ ሥርዓት ሲጠበቅ የኖረ ነው፤ ሣሩ ለዓመታት ሳይነካ ይከርምና ጊዜው ሲደርስ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ ይታጨዳል። ጠባቂዎቹ ስንት ሰው እንደያዙ ጠይቆ ሥራቸውን የሚመዝን የለም። የቆመውን ሣር ያያል እንጂ።

ሴንተሩ የሚጠብቀው ቀለበት ከመሬት 3.05 ሜትር ከፍ ይላል። ሙቶምቦ ቁመቱ 2.18 ሜትር ነበር፤ ከአናቱ እስከ ቀለበቱ 87 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይቀር ነበር ማለት ነው፤ ክንዱ ሲዘረጋ ደግሞ ዝላይ የሚያስፈልገው ለይስሙላ ይመስል ነበር። ሆኖም ቁመት ብቻውን አይበቃም፤ ሕጉ ጥብቅ ነው። የተወረወረ ኳስ ወደ ቀለበቱ ማዘቅዘቅ ከጀመረ በኋላ ተከላካይ ከነካው፣ ባይገባም ነጥቡ ለአጥቂው ይቆጠራል። ስለዚህ ሥራው ከጊዜ ጋር ነው፤ ኳሱ ከአጥቂው እጅ ሲለቅና ገና ወደ ላይ ሲወጣ መድረስ ያስፈልጋል። ቸኩሎ የዘለለ ሴንተር በማታለያ እንቅስቃሴ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ የዘገየም ፋውል ይሠራል። ሌላም ነገር አለ። የተመታው ኳስ ከሜዳ ከወጣ ለአጥቂው ቡድን ይመለሳል። ራስል በስሱ ገፍቶ ለጓደኛው የሚያደርስ ነበርና በዚህ ረገድ የሚስተካከለው አልተገኘም። ኳስን በጥፊ መትቶ ተመልካች መሃል መጣል ለዓይን ያምራል፤ ለውጤት ግን የራስል መንገድ ይሻላል ባይ ነኝ።

ሴንተሩ ከቀለበቱ ሥር በሚቆይበት ጊዜም በሕጎች መካከል ልዩነት አለ። ኤንቢኤ ለብዙ ዓመታት የዞን መከላከልን፣ ማለትም አንድን ተጫዋች ሳይሆን የሜዳን ክፍል መጠበቅን፣ ከልክሎ ቆይቶ በ2001–02 ፈቀደ፤ ነገር ግን ተከላካይ የቅርቡን አጥቂ ሳይጠብቅ ከቀለበቱ ሥር ባለው ቀለም በተቀባ ክልል ውስጥ ከ3 ሰከንድ በላይ እንዳይቆም አዲስ ሕግ ጨመረበት። በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ሕግ ይህ ገደብ በተከላካይ ላይ የለም። የደብረ ብርሃኑ ልጅ እንደ ዘበኛ በር ላይ ተገትሮ ቢውል ዳኛ አይነካውም።

ሙቶምቦ በሰኔ 25 ቀን 1966 በኪንሻሳ ተወለደ። ወደ አሜሪካ የሄደው በ1987 ለኳስ ሳይሆን ሐኪም ለመሆን በትምህርት ዕድል ነበር። በዋሽንግተን የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ጆን ቶምፕሰን ግን ቁመቱን አይተው ዝም አላሉም። ከአሎንዞ ሞርኒንግ ጋር ተጣምረው ከቀለበቱ ሥር ማለፍን ለሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ፈተና አደረጉት፤ በ1989 በአንድ ጨዋታ ብቻ 12 ኳስ መልሷል። ሕክምናው ቀረ። በቋንቋ ጥናትና በዲፕሎማሲ ተመረቀ፤ በርካታ ቋንቋዎችን የሚናገር ሰው ነበርና ምርጫው አልከፋም።

በ1991 የተጫዋቾች ምርጫ ዴንቨር ናጌትስ በ4ኛነት ወሰደው። ዴንቨር ከባሕር ጠለል በላይ 1,609 ሜትር ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ አሜሪካውያን ለእንግዳ ቡድን ትንፋሽ የምታሳጥር እያሉ ይፈሯታል። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ናት። ከሸዋ ሮቢት ቆላ ጣርማበርን ወጥቶ የመጣ ተጫዋች የመጀመሪያው ሩብ ሳያልቅ ለምን እጁን ጉልበቱ ላይ እንደሚያሳርፍ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የሙቶምቦ ስም የገነነው በ1994 የጥሎ ማለፍ የመጀመሪያ ዙር ነው። ሲያትል ሱፐርሶኒክስ በመደበኛው ውድድር 63 ጨዋታ አሸንፎ በሊጉ የምዕራብ ምድብ 1ኛ ነበር፤ ዴንቨር በ42 ድል 8ኛ ሆኖ በጭንቅ ገብቷል። ከአምስት ጨዋታ ሦስት ያሸነፈ ያልፋል። ሲያትል የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወሰደ፤ ነገሩ ያለቀ መሰለ። ዴንቨር በሜዳው ሁለቱን መለሰ፤ አምስተኛውን ሲያትል ላይ በተጨማሪ ሰዓት 98 ለ94 አሸነፈ። 8ኛ የሆነ ቡድን 1ኛውን ሲያስወጣ በሊጉ ታሪክ የመጀመሪያው ነበር። ሙቶምቦ በአምስቱ ጨዋታዎች 31 ኳስ መልሷል። የመጨረሻውን ሪባውንድ፣ ማለትም ተስቶ የተመለሰውን ኳስ፣ ይዞ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ በጀርባው ተንጋሎ ኳሱን በሁለት እጁ ከአናቱ በላይ አንሥቶ እየሳቀ የሚታይበት ምስል ከዚያ ቀን የቀረ ነው። አንድ ሴንተር ነጥብ ስላስቆጠረ ሳይሆን ኳስ ስለያዘ ፎቶግራፉ በየቦታው ሲሰቀል ብዙ ጊዜ አይታይም።

ምልክቱ የሆነው ጣትም ከዴንቨር ዘመን ነው። ኳስ በመለሰ ቁጥር አመልካች ጣቱን ቀስሮ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያወዛውዝ ነበር፤ እኛ ዘንድ እናት ልጇ ወደ ምድጃ ሲጠጋ «ዋ!» ብላ እንደምታደርገው ማለት ነው። ሊጉ ይህን በተጋጣሚ ላይ መሳለቅ ነው ብሎ በቴክኒካል ፋውል መቅጣት ሲጀምር፣ ሙቶምቦ ጣቱን ከተጋጣሚው አዙሮ ለተመልካቹ ያወዛውዝ ጀመር። ሕጉን አከበረ፤ ጣቱንም አላጠፈም።

ከ1994 እስከ 1996 በተከታታይ ሦስት ዓመት በአማካይ ብሎክ ሊጉን መርቷል፤ በሦስተኛው ዓመት በጨዋታ 4.5 ደርሶ ነበር። ከዚያ ወደ አትላንታ ሆክስ ሄደ። የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ሽልማትን በ1995፣ በ1997፣ በ1998 እና በ2001 ወሰደ። አራት ጊዜ ይህን ክብር በማግኘት የተስተካከሉት ቤን ዋላስና በ2024 አራተኛውን የወሰደው ሩዲ ጎበር ናቸው። ሦስቱም ሴንተሮች ናቸው፤ ሦስቱንም በነጥብ የሚያስታውሳቸው የለም።

በየካቲት 2001 ወደ ፊላደልፊያ ተዛወረ። እዚያ የሥራ ክፍፍሉ ግልጽ ነበር፤ አለን አይቨርሰን ያስቆጥራል፣ ሙቶምቦ ይጠብቃል። ቡድኑ ለፍጻሜ ደርሶ ከሎስ አንጀለስ ሌከርስ ጋር ተገናኘ፤ የመጀመሪያውን ጨዋታ በተጨማሪ ሰዓት አሸንፎ ቀጣዮቹን አራት ተሸነፈ። ከፊቱ የቆመው ሻኪል ኦኒል ነበር። የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ እየጠበቀው ኦኒል በጨዋታ በአማካይ 33 ነጥብ አስቆጠረ። ይህን የሙቶምቦ ውድቀት አድርገው የሚያወሩ አሉ፤ አልስማማም። ዘሎ የሚመጣን ኳስ መመለስ አንድ ሙያ ነው፤ በጀርባው እየገፋ ከቀለበቱ ሥር የሚያስገባህን ግዙፍ ሰው መቋቋም ሌላ ነው። በዚያ ዘመን ለሁለተኛው መድኃኒት ያገኘ ሴንተር አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ኒው ጀርሲና ኒው ዮርክ አለፉት። በኒው ጀርሲ የእጅ አንጓ ጉዳት አብዛኛውን የውድድር ዘመን አሳጣው፤ በ2003 ለፍጻሜ ቢደርሱም በሳን አንቶኒዮ ተሸነፉ። በ2004 ሂውስተን ሮኬትስ የያኦ ሚንግ ተቀያሪ አድርጎ ወሰደው፤ በዚህ ዕድሜው ሥራው በጨዋታ ጥቂት ደቂቃ መቆም ነበር። በ2008 ሂውስተን በተከታታይ እያሸነፈ ሳለ ያኦ እግሩ ተጎዳ። 41 ዓመት የሞላው ሙቶምቦ ቦታውን ይዞ ተሰለፈ፤ ቡድኑም አሥር ጨዋታ ጨምሮ ተከታታይ ድሉን 22 አደረሰ። በሚያዝያ 2009 ከፖርትላንድ ጋር በተደረገ የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ጉልበቱ ተጎድቶ ከሜዳ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ አልተጫወተም። በ18 የውድድር ዘመን 1,196 ጨዋታ ተሰልፎ 3,289 ኳስ መልሷል። የሚበልጠው ናይጄሪያዊው ተወላጅ ሃኪም ኦላጁዎን ብቻ ነው፤ 3,830 መልሷል። በነጥብ የሙቶምቦ አማካይ 10 እንኳ አልሞላም፤ 9.8 ነው።

ሐኪም የመሆን ሐሳቡ በሌላ መንገድ ተመለሰ። እናቱ ቢያምባ ማሪ በኪንሻሳ በነበረ ሁከት ምክንያት ሆስፒታል መድረስ ሳይችሉ ነው የሞቱት። በስማቸው ያሠራው ባለ 300 አልጋ ሆስፒታል በ2007 በዚያችው ከተማ ተከፈተ፤ ከወጪው ትልቁን ድርሻ የሸፈነው ራሱ ነው። በ2015 ወደ ቅርጫት ኳስ የዝና አዳራሽ ገባ። አትላንታና ዴንቨር 55 ቁጥር ማልያውን ሌላ ተጫዋች እንዳይለብሰው አድርገው ሰቅለውታል። በመስከረም 30 ቀን 2024 በአንጎል ካንሰር በ58 ዓመቱ አረፈ።

ያ ቀጭን ልጅ በአራተኛው ሩብ አንድ ኳስ መታ። ሰሌዳውን ሳይነካ፣ ገና ወደ ላይ ሲወጣ ነው የደረሰበት። ከዚያ አመልካች ጣቱን ቀስሮ ሁለት ጊዜ አወዛወዘ፤ ዳኛው ቆጣ ብሎ አየውና አለፈው። ጨዋታው ሲያልቅ ዕድሜውን ጠየቅሁት፤ በ2009 የተወለደ ነው። ጣቱን ከማን እንደተማረ ስጠይቀው ላቡን በማልያው እየጠረገ፣

«ከአሰልጣኛችን ነው፣ ጋሼ» አለኝ። «ብሎክ ስታደርጉ እንዲህ በሉ ብሎ ነው ያስተማረን።»