አሮጌ ፓውደር ኮቲንግን አንስቶ ብረትን ስለመጠገን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፓውደር ኮቲንግ (በዱቄት መልክ ተረጭቶ በምድጃ የሚጋገር ቀለም) የተቀባን ብረት እንደገና ማስቀባት ሲታሰብ ብዙ ሰው የሚጨነቀው ስለ አዲሱ ቀለም ነው፤ ሥራው የሚበላሸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በፊት፣ አሮጌው ሲነሳና ጉዳቱ ሲጠገን ነው።

«በአሮጌው ላይ መደረብ ይበቃል።» ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም፤ ሽፋኑ የትም ሳይላጥ ደህና ከቆየና በብርጭቆ ወረቀት ከተሻከረ አንድ ድርብ ሊይዝ ይችላል። ይሁን እንጂ ዱቄቱ ወደ ብረቱ የሚሳበው በኤሌክትሪክ ሙል በመሆኑ፣ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፈው አሮጌ ሽፋን በወፈረ ቁጥር ዱቄቱ ወጥ ሆኖ አይቀመጥም፤ ገጹም ይጎረብጣል። ከሥር ዝገት ካለ ደግሞ ሁለቱም አብረው ይላጣሉ።

«ቀለሙ ወፍራም ስለሆነ ጭረትንና የዝገት ጉድጓድን ይሸፍናል።» የተለመደው ውፍረት ከ60 እስከ 80 ማይክሮን ነው፤ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። የሚያብረቀርቅ ቀለም ከሆነማ ጉድጓዱን ጭራሽ ያጎላዋል።

«ማንኛውም ብረት በምድጃ ተቃጥሎ ይጸዳል።» ከሁሉም አደገኛው ይህ ነው። የማቃጠያ ምድጃ ሙቀት ወደ 400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚጠጋ ለወፍራም ብረት ይስማማል። በሙቀት ተሠርቶ የጠነከረ የአልሙኒየም ቸርኬ ግን በዚያ ግለት ጥንካሬውን ያጣል፤ ለዓይን ምንም ሳይለወጥ በጭነት ሊጣመም ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል። ዚንክ የተለበጠ ብረትም ያሰጋል፤ ዚንክ በ419 ዲግሪ ይቀልጣልና። ምድጃውን ትቶ ኮስቲክ ሶዳ መጠቀምም ለአልሙኒየም መፍትሔ አይሆንም፤ ሶዳው ብረትን ብዙም ሳይነካ ቀለሙን ሲያነሳ፣ አልሙኒየምን ግን ራሱን እየበላ ተቀጣጣይ ሃይድሮጅን ያመነጫል። ለአልሙኒየም የሚሻለው በአምራቹ እንደሚስማማው የተገለጸ ኬሚካል ነው።

«ሳንድብላስቲንግ (አሸዋ በአየር ግፊት እየረጩ ማጽዳት) ሁሉንም ይፈታል።» ቀለሙ እስኪነሳ ብዙ ከተረጨበት ቀጭን ላሜራ ይጣመማል፤ የሲሊካ አሸዋ ብናኝም ሳንባን ለዘለቄታው ይጎዳል።

«ጎድጓዳውን በስቱኮ መድፈን ይቻላል።» ዱቄቱ ቀልጦ የሚጋገረው ብዙውን ጊዜ ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ባለው ሙቀት ስለሆነ፣ ለመኪና ቦዲ የሚያገለግለው ተራ ስቱኮ እዚያ ውስጥ ይነፋል ወይም ይላቀቃል። ጥልቅ ጉዳት በብየዳ ተሞልቶ በግራይንደር መስተካከል አለበት፤ ለጥቃቅኑ የብረት ብናኝ ያለበትና ሙቀት የሚችል ኢፖክሲ ይበቃል። ብየዳው ውስጥ የተደበቁ ቀዳዳዎች ካሉ ግን የታፈነው አየር በምድጃው ሙቀት ይወጣና አዲሱን ቀለም በመርፌ የተወጋ ያስመስለዋል። ብረት ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ ፈስሶ ከተሠራ ዕቃም ጋዝ እንዲሁ ስለሚወጣ፣ ባለሙያዎች ከመቀባታቸው በፊት ዕቃውን ከመጋገሪያው ሙቀት ከፍ አድርገው ያሞቁትና ያቀዘቅዙታል።

«ከጸዳ በኋላ ጊዜ ሲገኝ ይቀባል» የሚሉም አሉ። የተራቆተ ብረት እርጥበት ባለበት አየር በሰዓታት ውስጥ መዛግ ይጀምራል፤ በባዶ እጅ ከተነካም የጣት ቅባት ቀለሙ እንዳይይዝ ያደርጋል። ስለዚህ በንጹሕ ጓንት ተይዞ በዚያው ቀን መቀባት አለበት።