የገጠር የቤተሰብ ቤት በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፦ አከፋፈቱ፣ አያያዙና አዘጋጉ

በዶርዶኝ፣ በሎት ወይም በዤር ገጠር ያለ የቤተሰብ ቤት አብዛኛውን ጊዜ አያቶች ሲያርሱ የኖሩበት የገበሬ ቤት ነው። ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ፓሪስ ወይም ቦርዶ እየኖሩ ለፋሲካና ለኦገስት ዕረፍት ይሰበሰቡበታል። ፈረንሳዮቹ «ሜዞን ደ ፋሚ» ይሉታል። የሚያርፍበት ሁሉ በተራው ቤት ጠባቂ ይሆናል፤ ለወራት ተዘግቶ የከረመ ቤት ይታመማልና።

ግድግዳው በኖራ ጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ነው፤ ውፍረቱ ከ50 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ኖራ ከመሬት የተሳበውን እርጥበት ወደ ውጭ ያስተነፍሳል። በሲሚንቶ ከተለሰነ ግን እርጥበቱ መውጫ ያጣል፦ ልስኑ ያብጣል፣ ነጭ ጨው ያወጣል፣ ከቁምሳጥኑ ጀርባ ሻጋታ ይይዛል። በእድሳት ከሚሠሩ ስህተቶች እንደዚህ ቤት የሚጎዳ ጥቂት ነው።

ቤቱ ሲከፈት ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ዋናው የውሃ መዝጊያ ይከፈታል፤ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ያለ አየር መፍሰስ ሲጀምር ብቻ የውሃ ማሞቂያው ኤሌክትሪክ ይበራል። ባዶ ማሞቂያ ላይ ኤሌክትሪክ ከተለቀቀ የውስጡ ማሞቂያ ብረት ይቃጠላል። ውሃው 60 ዲግሪ ከደረሰ በኋላ ለወራት የቆመውን ውሃ ለማስወገድ ቧንቧዎቹ ሁሉ ለጥቂት ደቂቃ ይለቀቃሉ። በፀደይ፣ አየሩ ሞቅና ርጥብ ባለበት ቀን መስኮት ሁሉ ወለል ተደርጎ ቢከፈት ቀዝቃዛው የሸክላ ወለል ላብ ያወጣል፤ ደረቅ ቀን ጠብቆ ምድጃ ማንደድ ይሻላል። ፍልጡ ሁለት ዓመት የደረቀ ባሉጥ ይሁን። እርጥብ እንጨት በጭስ ማውጫው ውስጥ ቅጥራን ይጋግራል፤ ቅጥራኑ ደግሞ እሳት ይይዛል። ስለዚህ ጭስ ማውጫው በየዓመቱ መጠረግ አለበት።

በበጋ ሙቀት ከረፋዱ ጀምሮ መስኮቱም የእንጨት መዝጊያውም ይዘጋል፤ ሲመሽ ሁሉም ይከፈታል። ቀን «አየር ይግባ» ብሎ የከፈተ ሰው ወፍራሙ ግድግዳ ሌሊቱን ያጠራቀመውን ቅዝቃዜ በአንድ ከሰዓት ያባክነዋል።

ብዙዎቹ ቤቶች ከከተማ ፍሳሽ መስመር ጋር ስላልተገናኙ የራሳቸው ማጠራቀሚያ ጉድጓድ አላቸው። አሁን ባለው ደንብ እስከ አምስት ዋና ክፍል ላለው ቤት ዝቅተኛው መጠን 3 ሜትር ኩብ ነው። ቆሻሻውን የሚያብላሉት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ በረኪና በብዛት ሲደፋ ይሞታሉ። እርጥብ መጥረጊያ ወረቀት ደግሞ መስመሩን ይደፍናል። ዝቃጩ ግማሽ ሲደርስ ይመጠጣል። ይህን ከእንግዶች መምጣት በፊት ማየት ነው፤ አሥራ ሁለት ሰው በሚታጠብበት ሳምንት የሞላ ጉድጓድ ቤቱን ሁሉ ያገማዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የወራሾች ነገር ነው። ወላጆች ሲሞቱ ቤቱ ሳይከፋፈል የልጆቹ የጋራ ንብረት ሆኖ ይቆያል። በፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 815 መሠረት ማንም በጋራ ባለቤትነት እንዲቆይ አይገደድም። ከ2007 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ለተራ አስተዳደር ሁለት ሦስተኛ ድርሻ ይበቃል፤ ለሽያጭ ግን በመርህ ደረጃ የሁሉም ስምምነት ያስፈልጋል። አንዱ ወራሽ ሌሎቹን ከልክሎ ለብቻው ከያዘው ካሳ ሊከፍል ይችላል። የሚበጀው የዕረፍት ሳምንቶችን ገና በክረምት መደልደል፣ የመሬት ግብርን፣ ኢንሹራንስንና ጣሪያን በየድርሻ፣ መብራትን፣ ውሃንና ማገዶን ግን ያረፈው ሰው እንዲከፍል መጻፍ ነው። ሳይጻፍ የቀረ ስምምነት በወንድማማች መካከል ቂም ሆኖ ይከርማል።

ለክረምት ሲዘጋ የውሃ ማሞቂያው ኤሌክትሪክ ይጠፋል፣ ዋናው ውሃ ይዘጋል፣ ዝቅተኛው ቧንቧ ተከፍቶ መስመሩ ይራገፋል፤ የቀረ ውሃ ከበረደ ቧንቧ ይሰነጥቃል። ፍራሾች በጎን ይቆማሉ፣ አንሶላ ከአይጥ በቆርቆሮ ሣጥን ይጠበቃል፣ የማቀዝቀዣው በር ክፍት ይተዋል። ቁልፍ ለጎረቤት ይሰጣል። የአካባቢው ግማሽ ክብ የጣሪያ ሸክላ ብዙውን ጊዜ ሳይቸነከር በክብደቱ ብቻ ስለሚቀመጥ ነፋስ ያንሸራትተዋል። ጎረቤቱ ከማዕበል በኋላ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ካየ ሸክላውን መመለስ የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ እስከ ፋሲካ ካልታየ ግን የበሰበሰ ወራጅ መለወጥ ይመጣል።